ብረት ፍለጋ ወደ አሰብ

ከጉለሌ ሴቶች አሰብ ድረስ የሄድኩት እኔ ብቻ ሳልሆን አልቀርም። ሌላ ካለች ትምጣና ትንገረኝ፤ ብዙ የምንጨዋወተው ይኖረናል። የሄድኩት ለመሳለም አይደለም፣ ለንግድም አይደለም። ጨው ውስጥ ብረት አለ ስለተባልኩ ብረቱን በዓይኔ ላየው ነው የሄድኩት። አሁን ጣሊያኑ ስለወጣ እንደ ልቤ እጽፈዋለሁ። ያኔም ቢሆን ዝም አላልኩም።

ነገሩ የጀመረው በምራቴ በአስካለ ነው። አስካለ በሰፈራችን ገበያ አሞሌ ትሸጥ ነበር። ባሏ፣ የኔ ልጅ፣ ከጦርነቱ አልተመለሰም። እሷም ልጆቿም እኔም የምንበላው ከዚያ ጨው ነበር። ለታኅሣሥ ገብርኤል ማኅበራችን ስልጆ ተሠራ። ስልጆ እንደምታውቁት የባቄላ ዱቄት በሱፍ ውሃ ተበጥብጦ፣ ሰናፍጭና ጨው ገብቶበት፣ እስኪኮመጥጥ የሚቀመጥ የጾም ምግብ ነው። የዚያን ቀን የበላው ሁሉ አስታወከ። ሰው አልሞተም እንጂ ግቢው ሙሉ እያቃሰተ ነው የዋለው።

ወሬው የጤና ሹም ከሚባለው ጣሊያን ጆሮ ደረሰ። ሹሙ ወታደር አስከትሎ ገበያ መጣ። አስተርጓሚው ደምሴ፣ የሰፈራችን ልጅ፣ ድንጋይ ላይ ወጥቶ፣

«በአስካለ አሞሌ ውስጥ ብረት ተገኝቷል!» ብሎ ለፈፈ።

በዚያ ዘመን ብረት ማለት ጠመንጃ ነው። ብረት የተገኘበት ሰው ይሰቀላል። ገበያው ወዲያው ባዶ ሆነ፤ ቃሪያ ሻጯ ቃሪያዋን፣ ገዢው ዘንቢሉን ጥሎ ሄደ። አስካለ ብቻ ጨውዋን ታቅፋ ቆማ ቀረች።

«እማማ፣ ሊሰቅሉኝ ነው» አለችኝ።

እኔ ወደ ደምሴ ሄድኩ። «ምን ዓይነት ብረት ነው?» አልኩት።

«እ... ማለቴ፣ ጨው ውስጥ የሚሟሟ ብረት ነው፣ እማማ ዘነበች። መዳብም እርሳስም አለበት ነው የሚሉት። በዓይን አይታይም።»

«በዓይን ካልታየ ሹምህ በምን አየው?»

ይህን አልተረጎመውም። የአስካለን መደብ በሽቦ አሰሩት፤ ሽቦውንም በእርሳስ ማኅተም አተሙት። ከዚያ ወዲያ ሰው ሁሉ ከመንግሥት መጋዘን የባሕር ጨው እንዲገዛ ታዘዘ።

«የባሕሩ ጨው ውስጥስ ብረት የለም?» አልኩ።

ደምሴ ሹሙን ጠየቀው። «ንጹሕ ነው ይላሉ» አለኝ ደምሴ።

«ማን አየው?»

ሹሙ ሳቀ። «እንግዲያው ባሕር ድረስ ሄደው ይዩ ይላሉ።»

«የይለፍ ወረቀት ስጠኝ በለው።»

ደምሴ «እማማ፣ አንተ አይበሏቸው እንጂ» ብሎ ተለማመጠኝ። እኔ በአሞሌ ላይ የፈረደን ሰው አንቱ አልልም። ሹሙ ግን ቀልዱን ወደደውና እየሳቀ ጻፈልኝ። ደምሴ በወረቀቱ ጀርባ በአማርኛ «በጨው ውስጥ ያለውን ብረት ለማየት የምትሄድ» ብሎ ጨመረበት። ይህች ቃል መንገድ ላይ ምን እንዳመጣችብን ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

ሰኞ፣ ከጥምቀት በኋላ ተነሣን። ግቢያችን ውስጥ ተከራይቶ የሚኖር ተስፋይ የሚባል የሐማሴን ሰው ካሚዮን ይነዳል። ወደ አሰብ ቆዳ አውርዶ ጨው ጭኖ ይመለሳል።

«አደይ፣ ይህ መንገድ ለእርስዎ አይሆንም» አለኝ፣ በትግርኛው እናቴ ሲል።

«አንተ የምትሄድበት ለኔ ለምን አይሆንም?»

«ለኔ ደመወዝ ይከፈለኛል።»

«እኔ ደግሞ ተቆጥቻለሁ።»

በሩን ከፈተልኝ። ዳቦ ቆሎ፣ ከአስካለ አሞሌ የተሰበረች ቁራጭ፣ ከሽሮ ሜዳ የተገዛ ጋቢዬንም ይዣለሁ። ሊሸኘኝ የመጣው ጋሽ ቱፋ፣ ሸማኔው፣ የማኅበራችን ሙሴ፣ ወደ መስኮቱ ተጠግቶ በጆሮዬ፣

«ዘነቡ፣ የባሕሩ ጨው መርዝ ነው ብለሽ ተመለሺ። አየሽም አላየሽም» አለኝ።

«ካላየሁ አልልም» አልኩት። ፊቱ ጠቆረ።

የሰኞ መንገድ ብርድ ነው። ደብረ ብርሃን ስንደርስ የጉለሌን ብርድ ይቅርታ ጠየቅሁት፤ የእንጦጦ ንፋስ ከዚያኛው ጋር ሲተያይ ለስላሳ ነው። ጣርማ በር ላይ ጣሊያኑ ተራራውን በስቶ በውስጡ ያሳልፋል። ዋሻው ውስጥ ውሃ ይንጠባጠባል፤ ጭሱ ያፍናል። ተስፋይ «ድንቅ ሥራ አይደለም?» አለኝ። «የቆፈረው ማን ነው?» አልኩት። ማርሽ ቀየረ። ከዚያ ወዲያ ስለ ዋሻው አልተነጋገርንም።

ማታ ደብረ ሲና ወይዘሮ የሺመቤት የሚባሉ ሴት ቤት አደርን። እግሬን ራሳቸው በሙቅ ውሃ አጠቡልኝ። የት እንደምሄድ ሲጠይቁኝ ነገርኳቸው።

«ጨው ለማየት?»

«አዎ።»

«እዚህ የኔ ማጀት ውስጥ የለም?»

እስኪደክመን ሳቅን። ከአልጋቸው ራሳቸው ወርደው እኔን አስተኙኝ፤ ቁንጫው ግን ከሳቸው ጋር አልወረደም። ጠዋት ስንነሣ እንደ እንግዳ ሆኜ «ደህና አደርኩ» አልኩ። እሳቸውም ደህና እንዳላደርኩ እያወቁ «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ። ገብስ ቆሎ ቋጥረውልኝ ከጎረቤቶቻቸው ጋር እስከ መኪናው ሸኙኝ። ጉለሌ እንዲህ ያለ ሽኝት የሚደረገው ለሙሽራ ነው።

ማክሰኞ ከሚሴ ላይ ኬላ ደረስን። ወታደሩ አማርኛ ያነባል። የኔን ወረቀት ገልብጦ ሲያነብ ዓይኑ ፈጠጠ፤ ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ።

«እማማ፣ ብረቱ የታለ?»

«ጨው ውስጥ።»

«ጨው የታለ?»

«አሰብ።»

«አሰብ ማን ነው ብረቱን የሚያስረክብዎት?»

«የሚያስረክበኝ የለም። የሚሟሟ ነው።»

ጓደኞቹን ጠራ። ተስፋይ ሊያስረዳ ሲሞክር ይብስ አስጠረጠረን። የጫነውን ቆዳ በሙሉ አስወረዱት። የዚያን ቆዳ ሽታ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ሸጎሌ የበግ ገበያ ከዚያ ጋር ሲወዳደር ሽቶ ነው። ቆዳ በቆዳ ገለጡ፣ መቀመጫውን ነቀሉ፣ ጋቢዬን አራገፉ። በመጨረሻ ከቀሚሴ ኪስ አሞሌዋን አገኙ። ወታደሩ ወደ ፀሐይ አንሥቶ አያት፤ ሁለት ቦታ ሰበራት።

«እዚህ ውስጥ ምንም የለም» አለ።

«በል ይህን አሁን ያልከውን ጻፍልኝ» አልኩት። ሊጽፍልኝ ነበር እኮ፣ አለቃው ከለከለው። አንድ የከሚሴ ነጋዴ ከተቀመጠበት ጥላ ሥር ተነሥቶ ሰዎቹን አስተባብሮ ቆዳውን መልሶ ጫነልን። ስሙን ስጠይቀው «የመንገድ ሰው በሉኝ» አለ። ያቺ ብረት የምትባል ቃል ግማሽ ቀን በላችብን። ተስፋይ ኮምቦልቻ እስክንደርስ አኩርፎኝ ነዳ። ስንደርስ ግን «አደይ፣ ከእንግዲህ ማዕድን ይበሉ» አለኝ። ይህን ቃል ደምሴ ቢያውቀው ኖሮ ስንት ሰው ከሩጫ ይድን ነበር።

ረቡዕ ባቲ ነን። ተስፋይ የሚያርፈው ወይዘሮ ፋጡማ ከምትባል የቆዳ ነጋዴ ሚስት ቤት ነው። ረቡዕ መሆኑን ማንም ሳይነግራት ወተቱን ከፊቴ አነሣችና የማሽላ እንጀራ በተልባ አቀረበችልኝ።

«ጾምዎ ነው፣ እናቴ፤ እኔ አውቃለሁ» አለች።

ሃይማኖታችን ሌላ ሆኖ ጾሜን እሷ ጠበቀችልኝ። ጉለሌ ስንት የራሴ ወገን አለ፣ ረቡዕ መሆኑን እያወቀ «ትንሽ ብቻ ቅመሺ» የሚለኝ። ባቲ ቡናቸውን በጨው ይጠጣሉ። ፋጡማ ከግመል ጭነት የገባ አሞሌ ከግድግዳው ሥር አንሥታ በድንጋይ ሰበረችና ስኒዬ ውስጥ ጨመረችልኝ። አሞሌ መርዝ ነው እንደተባለ ስነግራት ጥቂት አሰበችና፣

«እንግዲያው ባቲ ድሮ አልቃ ነበር» አለች።

ሐሙስ ወደ በረሃው ወረድን። ስለ ሙቀቱ ለጉለሌ ሰው ምን ብዬ ላስረዳ? ልብስ ወደምታጥቡበት የፈላ ውሃ እንፋሎት ፊታችሁን አስጠግታችሁ ቀኑን ሙሉ ዋሉ። ያ የተወደደ ጋቢዬ ጠላቴ ሆነ። በበርሚል የያዝነው ውሃ ቤንዚን ቤንዚን ይላል፤ ጎማችን ፈነዳ። ተስፋይ ከመኪናው ሥር ተኝቶ ሲሠራ እኔ ጋቢውን ዘርግቼ ጥላ ሆንኩት። አንድ የአፋር ሰው ከግመሎቹ ጋር ምንም ከማይታይበት ብቅ አለ። ቋንቋችን አልተገናኘም። የኛን ውሃ ቀምሶ ተፋውና ከራሱ ስልቻ ቀዳልን። ግመሎቹ የጫኑት አሞሌ ነበር፤ ወደ ደጋ ሊያወጣው ነው። እኔ የባሕሩን ጨው ፍለጋ ወደ ታች፣ እሱ የኛን ጨው ይዞ ወደ ላይ። በእጄ እየጠቆምኩ ብስቅ እሱም ሳቀ፤ በምን እንደሳቀ ግን አላውቅም።

ዓርብ አሰብ ገባን። በተስፋይ አክስት በለተብርሃን ቤት አረፍኩ። ባሕር ያላየ ሰው እንዲህ ያስበው፦ ጠዋት ከእንጦጦ ሆናችሁ ወደ ታች ስታዩ ጉም ከተማውን ሸፍኖ ዳርቻው ይጠፋባችኋል። ባሕር እንደዚያ ነው፤ ጉሙ ግን አይነሣም። ለተብርሃን ዓሣ አቀረበችልኝ። ዓርብ ነው አልኳት። «ዓሣ ሥጋ አይደለም» አለች። «ዓይን አለው፣ ያየኛል» አልኳት። ራሷ በላችውና ለኔ ምስር ሠራችልኝ፤ ጠዋት የእኔን ቀሚስ አጥባ አድርቃ ሰጠችኝ።

ቅዳሜ ጨው ወደሚሠራበት ሄድን። የባሕሩን ውሃ በጭቃ ወደታጠረ ሰፊ ኩሬ ያስገቡታል። ፀሐይ እየጠጣው ይወፍራል፣ ይቀላል፤ ከዚያ ጨው እንደ በረዶ ቅርፊት ይሠራል። የቀረውን መራራ ውሃ መልሰው ያፈስሱታል። ሰዎቹ ባዶ እግራቸውን ገብተው በመጥረጊያ እየሰበሰቡ ይቆልሉታል። የኩሬውን በር የሚዘጋው የብረት ሳንቃ ዝጓል፤ ዝገቱ በውሃው ላይ ቀይ መስመር ሆኖ ይወርዳል። የክምሩ አናት ነጭ ነው፤ መሬቱን የነካው ግን ግራጫ፣ ልክ እንደ አስካለ አሞሌ። ከሁለቱም ቆንጥሬ ቋጠርኩ። ልቤ በደስታ ዘለለ፤ ያዝኳችሁ አልኩ።

እዚያ ጨውን የሚመረምር ዶቶሬ የሚሉት ሽማግሌ ጣሊያን አለ። ተስፋይ ያውቀዋል። ክፍሉ በጠርሙስ የተሞላ ነው። ወንበሩን ለኔ ሰጥቶ እሱ ሳጥን ላይ ተቀመጠ። ተስፋይ ተረጎመልን።

«በባሕራችሁ ጨው ውስጥ ብረት አለ?» አልኩት።

«አለ» አለ ወዲያው።

«መዳብስ? እርሳስስ?»

«በጣም ጥቂት፤ አለ። ወንዝ ሁሉ ተራራውን እያጠበ ወደ ባሕር ይገባል፤ ታዲያ የት ይሄዳል?»

«አሞሌ ውስጥስ?»

«አለ። አሞሌሽም ባሕር ነበር፤ ባሕሩ ሸሽቶ ደረቀ እንጂ። እህትማማች ናቸው።»

«ያሳምማል?»

«አያሳምምም። ሰው በሚበላው መጠን አያሳምምም። ጤፋችሁን መሬት ላይ አይደል የምትወቁት? ከጤፉ ጋር የምትበዪው የአፈር ብረት ከጨውሽ ብረት ይበልጣል። የፋብሪካ ቆሻሻ የሚወርድበት ባሕር ቢሆን ሌላ ነገር ነው፤ መመርመር አለበት። ደግሞ ጨው ካበዛሽ ከብረቱ በፊት ጨውነቱ ይጎዳሻል።»

ደስታዬ በረደ። እዚህ ድረስ የመጣሁት የባሕሩን ጨው ወንጅዬ ልመለስ ነበር፤ እሱ ነጻ ወጣብኝ። ሽማግሌው ፊቴን አይቶ ሳይሆን አይቀርም፣ «ሰዎቹ የታመሙት ምን በልተው ነው?» አለኝ። ስልጆ አልኩት፤ አሠራሩን አስረዳሁት። እየኮመጠጠ መሰንበቱን ስነግረው ሳጥኑ ላይ ቀና አለ።

«በምን ዕቃ?»

ያኔ ትዝ አለኝ። የማኅበራችን የሸክላ ጋን በበዓሉ ሰሞን ተሰንጥቆ፣ ጋሽ ቱፋ በምትኩ ትልቅ የመዳብ ድስት አምጥቶ ነበር። የወታደር ወጥ ቤት አርጅቷል ብሎ ካወጣውና ለሕዝብ ከተሸጠው ዕቃ ነው የገዛው። ውስጡ የተለበጠበት ቆርቆሮ ተልጦ ቀይ ቀይ ያሳያል።

«ኮምጣጣና ጨው መዳብ ላይ ሲሰነብት መዳቡን ይበላዋል» አለ ሽማግሌው። «የታመሙት መዳቡን በልተው ነው። በየትኛውም ጨው ቢሠሩት ያው ነበር።»

«ይህን ጻፍልኝ።»

ራሱን ነቀነቀ። «አለቆቼ ጨው ይሸጣሉ፣ ሲኞራ። አልጽፍልሽም። እውነት ግን ነው።»

ጽሑፍ የሌለው እውነት ይዤ ተነሣሁ። ተናድጄበታለሁ፤ ወንበሩን ስለሰጠኝ ግን አመስግኜ ወጣሁ።

የመልሱ መንገድ ከባድ ጭነት ስለያዝን ዘገየ። ባቲ ላይ ፋጡማ «ብረቱን አገኙት?» አለችኝ። «ድስት ውስጥ ነው ያለው» አልኳት። ከሚሴ ያው ወታደር ሲያየኝ ወረቀቴን ሳይቀበል እጁን አወዛውዞ አሳለፈን። ደብረ ሲና ወይዘሮ የሺመቤት አልጋውን ሊለቁልኝ ሲሉ መደቡ ላይ ካልተኛሁ ብዬ ተጣላኋቸው።

ጉለሌ ስገባ ጎረቤቱ ሁሉ ግቢዬን ሞላ። የሚጠብቁት አንድ ቃል ነው። ጋሽ ቱፋ፣

«በይ ንገሪያቸው፤ መርዝ ነው አይደል?» አለ።

«አይደለም» አልኩ። «የነሱም ጨው ደህና ነው፣ የኛም ደህና ነው። ያሳመመን ያ ያመጣኸው ድስት ነው።»

«አሰብ ድረስ ሄደሽ ለነሱ ፈርደሽ መጣሽ?»

«ለማንም አልፈረድኩም። አስካለ ላይ በሐሰት ሲፈረድ ተቃጥያለሁ፤ አሁን እኔ በሐሰት ከፈረድኩ ከሹሙ በምን እለያለሁ? ድስቱን አምጣ።»

አላመጣም አለ። ከሚስቱ ተቀበልኩት። በዚያ ድስት በነጩ የባሕር ጨው ስልጆ ሠራሁ፤ በሸክላ ማሰሮ ደግሞ በአስካለ አሞሌ ሠራሁ። ዱቄቱም ሱፉም አንድ ነው። ሁለቱም እስኪኮመጥጡ ጠበቅሁ። የድስቱን ክዳን ስከፍት ዳርና ዳሩ እንደ ሣር አረንጓዴ ሆኗል። ጋሽ ቱፋ ከበሩ ቆሞ አየው። ድስቱን ሹሙ ቢሮ ድረስ የተሸከመው እሱ ነው።

ሁለቱንም የሹሙ ጠረጴዛ ላይ አስቀመጥናቸው። ደምሴ ሽታው ሲደርሰው ወደ ኋላ አለ፤ የገብርኤል ዕለት አብሮን ካስታወኩት አንዱ ነው።

«ይህ በአሞሌ የተሠራ ነው በለው» አልኩና ከማሰሮው ጠቅሼ በላሁ። «ይህኛው በራሱ ንጹሕ ጨው ነው። እሱ ይብላ።»

ሹሙ አጎንብሶ ድስቱ ውስጥ አየ። አረንጓዴውን ሲያይ ፊቱን አዞረ።

«ካልበላ፣ ጨዉ ነው የከለከለው ወይስ ድስቱ? ጠይቀው።»

ተነጋገሩ። ደምሴ ላቡን እየጠረገ፣ «ድስቱ ነው ይላሉ። ይጣል ይላሉ» አለኝ።

«አስካለስ?»

«ስለ ጨዉ ሌላ ቀን ይታያል ይላሉ።»

ድስቱ እንደሆነ ካወቀ ሌላ ቀን ለምን ያስፈልገዋል? ከዚያ በቀጥታ ገበያ ሄድኩ። ከተስፋይ የተዋስኩትን ጉጠት አውጥቼ ሽቦውን ቆረጥኩ፤ ማኅተሙንም መቀነቴ ላይ ቋጠርኩት። አስካለ መደቡን ከፈተች።

«እማማ፣ ቢመጡስ?»

«ቢመጡ እዚሁ ያገኙኛል» ብዬ ጨዉ ላይ ተቀመጥኩ። ከአሰብ ያመጣሁትንም ነጭ ጨው ከአሞሌው ጎን እንድትደረድረው አደረግሁ። የሚጠይቅ ካለ ብረት በሁለቱም አለ፣ ከጤፍሽ ያንሳል በይ አልኳት።

ማኅተሙን ማን እንደቆረጠው እንዲጠይቅ ደምሴ ተልኮ መጣ። የእርሳሱን ማኅተም ከመቀነቴ ፈትቼ መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት።

«በአስካለ ጨው እርሳስ አለ ብለህ ነበር፣ ልጄ። እውነትህን ነው። ትልቁ ይኸው።»

በመዳፉ ጨበጠው። ሰው እንዳይሰማው ጠጋ ብሎ፣ «ታዲያ ለሹሙ ምን ልበላቸው፣ እማማ?» አለኝ።

«እስከ ዛሬ የሰማኸውን ተረጎምክ» አልኩት። «አሁን ያየኸውን ተርጉም።»